የመናገሻው ጉርሻ

ሰው በሌላው መኪና፣ በቤቱ ወይም በሹመቱ ቢቀና እረዳዋለሁ። ይህ የታወቀ፣ ሕጋዊ ሊባል የሚችል ቅናት ነው። በሰው ንጹሕ አየር መቅናትን ያስተማረን ግን ኮሮና ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ያ በሽታ በገባ ሰሞን ግማሹ አዲስ አበባ ቤቱን ዘግቶ እጁን ሲታጠብ፣ ግማሹ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ መውጣት ጀመረ። «ሃይኪንግ» ይሉታል። አባቴ ከመንዝ አዲስ አበባ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው፤ ታዲያ ያኔ ሃይኪንግ ሄደ ያለው የለም፤ ፎቶም ያነሳው የለም። መሳፈሪያ አጣ ነው የተባለው። ዛሬ ሰው ከፍሎ ይደክማል፣ ደክሞ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውን ደግሞ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ይልካል። ቤቱ የተቀመጠው ሰው እኔ ነበርኩ።

ፒያሳ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከበሯ ብዙም የማትሰፋ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነበረችኝ። ሱቋም ረድፏም ዛሬ የሉም፤ እዚያ ውስጥ ከገባሁ ስለማልወጣ ልለፈው። በኮሮና ጊዜ ሥራ እንዴት ነበር ብላችሁም አትጠይቁኝ። የሚሄድበት የሌለው ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ቢያውቅ ምን ይረባዋል? ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ካለው ልብስ ሰፊ ከታደለ ጋር ሁለት ሜትር ተራርቀን ሰው ስናማ እንውል ነበር። በሁለት ሜትር ርቀት ማማት ደግሞ ከባድ ነው። ካልጮኹ አይሰማም፤ ከጮኹ የሚታማው ይሰማል።

ባለቤቴ ጽጌ አራት ኪሎ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ኮሮናን ከእሷ በላይ የፈራ ሰው በአራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለ እሱን አላውቀውም። ከአትክልት ተራ የመጣ ሽንኩርት በሳሙና ይታጠባል። የገዛሁት ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዜናው ደርቆ ነው። እኔ ራሴ ከሱቅ ስመለስ ደጃፍ ላይ እንደ ሌባ እጄን አንስቼ ቆሜ አልኮል ይረጭብኛል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት አንድ ነገር ነበር፤ ማዕዳችንን ለሁለት ከፈለችው። ለእኔ አንድ ሳህን፣ ለእሷ አንድ ሳህን። ጉርሻ ቀረ።

እናንተዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ ነው የበላነው! ስንጣላ እንኳ የመጀመሪያዋ ጉርሻ አትቀርብኝም ነበር። ተኳርፈን፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እጇን ብቻ ወደ እኔ ትልክ ነበር። እኔም ተኳርፌ እጎርስ ነበር። አሁን ግን ሰላም ሆነን፣ እየተሳሳቅን፣ ሁለት ሳህን! «ይኼ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ነው» አለችኝ። ክፉው ቀን ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ሃይኪንጉ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ከውጭም ሰው የሚቀበል ቡድን አላቸውና ገባች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ «አብረን እንሂድ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አራዳ ነኝ ብዬ «ጤነኛ ሰው ያለ ጉዳዩ ዳገት ምን ያደርጋል?» ብዬ ሳቅኩባት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስኒከሯን አስራ በጠዋት ትወጣለች፤ ማታ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ፣ አሥር ዓመት ቀንሳ ትመለሳለች። «አየሩ!» ትላለች። እኔ የፒያሳን አየር ከነጢሱ ስቤ ውያለሁ። ቀናሁ፤ ግን ገና በአየሩ ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ታደለ ስልኩን እያየ «እኚህ እትዬ ጽጌ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። የቡድኑ ሰዎች ፎቶ ለጥፈዋል። ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። አላመንኩም። ለሰዓት ሥራ ዓይኔ ላይ የምሰካትን ማጉያ መነጽር ሰክቼ ደግሜ አየሁ። ጽጌ ሣር ላይ ተቀምጣለች። አፏ ተከፍቷል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ወንድ ጎንበስ ብሎ እያጎረሳት ነው! ደግሞ ትንሽ ጉርሻ እንዳትመስላችሁ፤ በማጉያ አይቻታለሁ፣ የቡጢ ታናሽ ናት።

ደሜ ፈላ። ሽንኩርት በሳሙና የምታጥብ ሴት! ባሏን በአልኮል የምታጥን ሴት! ደህና ባል ቢሆን ማታ ቤቱ ገብቶ «ይኼ ሰው ማነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ኩራት አለብኝ። «ምሳ ምን በላችሁ?» ብዬ በዘወርዋራ ሞከርኩ፤ «ያው፣ ሁሉም ከያዘው» ብላ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ሁሉም ከያዘው! ባለባርኔጣው የያዘውን አይቼ የለ? ቀጥዬ «እኔም ልምጣ» እንዳልል፣ የሳቅኩባት እኔ ነኝ። ምን ልባል ነው?

እዚህ ላይ ነው ማስክን የፈጠረውን ሰው ያመሰገንኩት። ከበሽታ ማዳኑን አላውቅም፤ ባልን ከሚስቱ ለመደበቅ ግን የሚተካከለው የለም። በታደለ ስም ተመዘገብኩ። የታደለን ጃኬት ለበስኩ፣ የታደለን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ደፋሁ፣ ጥቁር መነጽር ጨመርኩ፣ ማስክ አጠለቅኩ። ጫማ ብቻ አልሆነልኝም፤ የታደለ ስለጠበበኝ የራሴን የሠርግና የለቅሶ ጥቁር ጫማ አደረግኩ። ለጽጌ «ነገ ሱቅ ማልጄ እከፍታለሁ» አልኳት። እሷም «በርታ» አለችኝ።

ጠዋት አራት ኪሎ አውቶቡሱ በር ላይ የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ሲደቅኑብኝ ቅናቴን እንዳያነብብኝ ፈርቼ ነበር። ሠላሳ ስድስት ተኩል። ቅናት አያሳይም ለካ! ያኔ አውቶቡስ በግማሽ ነበር የሚጭነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ወንበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻዬን ተሰየምኩ። ስም ሲጠራ «ታደለ! ታደለ!» ይባላል፤ እኔ ይኼ ታደለ የሚባል ደንቆሮ ማነው ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። በሦስተኛው ነቄ አልኩና በወፍራም ድምፅ «አቤት!» አልኩ። ጽጌ ዞር ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ወደ ፊት ዞረች። ተሸወደች አልኩ በሆዴ።

ባለባርኔጣው የጉዞው መሪ ኖሯል። አቶ ዘውዱ ይባላል። እንግዲህ በፎቶ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር፤ በአካል ሳየው ስድሳውን ያለፈ፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቅናቱ ይበርድለት ነበር። የእኔ ባሰ። በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚራመድ ሰው በወጣትነቱ ምን ነበር? ደግሞ ጽጌን ከከተማው ሳንወጣ ሦስት ጊዜ አስቋታል። ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ። እኔ ጽጌን በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ነው ያሳቅኳት፤ እሱም በርጩማ አደናቅፎኝ ስወድቅ ነው።

መናገሻ ጫካ ገባን። ጽድ አለ፣ ጉሬዛ አለ፣ ወፍ አለ ይላሉ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጉሬዛ ያያል፤ እኔ የጽጌን ጀርባ አያለሁ። ዳገቱ ሲጀምር ማስኩ ትንፋሼን ወደ ላይ ይልከዋል፣ መነጽሬ ጉም ይለብስብኛል፤ ስጠርገው ጽጌና አቶ ዘውዱ ከዳገቱ ጫፍ ደርሰዋል። ሰዓት ሠሪ ሠላሳ ዓመት የሚያንቀሳቅሰው ጣቱን ብቻ ነው። እግሬ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ኋላ ከቀሩት ኋላ ቀረሁ።

አንዲት ወንዝ ጋ ስንደርስ ከሩቅ አየሁ፤ አቶ ዘውዱ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው! ሰላምታ በክርን በሆነበት ዘመን እጅ ለእጅ! «ኧረ!» ብዬ ጮኼ ቁልቁል ሮጥኩ። የለቅሶ ጫማ ለጭቃ አልተሠራም። አንሸራተተኝና በወገቤ ወንዙ ውስጥ ዘፍ አልኩ። ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ዘውዱ። ክንዴን ይዞ አወጣኝ፣ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ፣ ጃኬቴን አራገፈልኝ። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ምን ነበረበት? ደግ ሰው መጥላት እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ምሳ ከሚበላበት ሜዳ ስደርስ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ሲያዩኝ አጨበጨቡ። ምን ሆኑ ብዬ ስደነግጥ አቶ ዘውዱ ተነሥቶ አስረዳኝ። ለካ የቡድኑ ደንብ ነው፤ መጨረሻ የደረሰ ሰው እንዳይከፋው፣ አንደኛ የወጣው ያጎርሰዋል። ባለፈው ጽጌ መጨረሻ ስለነበረች እሱ ራሱ አጉርሷታል፤ ፎቶም አለ አለኝ። ፎቶውንማ ከእኔ በላይ ማን አየው! ጉዳዩ ይኼ ብቻ መሆኑን ስሰማ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ፤ ልስቅ ሁሉ ምንም አልቀረኝ።

እፎይታዬ ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም። «ዛሬ አንደኛ የወጣችው ጽጌ ናት» አለ አቶ ዘውዱ።

ጽጌ ተነሣች። እጇን በአልኮል አሸች። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ የቋንጣ ፍርፍር ጠቀለለች፤ ረጋ ብላ፣ አሳምራ፣ ጠርዙን በጣቷ እየሰበሰበች። ያቺን አጠቃለል አውቃታለሁ! ዓመት ሙሉ የናፈቅኳት አጠቃለል ናት። ፈገግ ብላ ወደ እኔ መጣች። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ አእምሮዬ ለሁለት የተከፈለው። ለማን ነው ፈገግ የምትለው? ለማታውቀው፣ ሱሪው ጭቃ ለሆነ፣ ፊቱ ለማይታይ ወንድ! ቅናቴ አቶ ዘውዱን ለቆ ታደለ ላይ ወጣ። ታደለ ደግሞ እኔ ነኝ። ራሴን ማነቅ ፈለግኩ።

በወፍራሙ ድምፄ «ይቅርብኝ» አልኩ። «ኧረ በሞቴ ይጉረሱ!» አለችኝ። ሰማችሁ? በሞቴ! ዓመት ሙሉ ለእኔ ያላለችውን! ደግሞ እርስዎ! እኔን ሃያ ሁለት ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት ለአንድ መንገደኛ እርስዎ! ማስኩን ከታች ገለጥ አድርጌ አፌን ብቻ ከፈትኩ። ገባች። እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ… ቅቤው፣ በርበሬው፣ የጣቶቿ ጫፍ ከንፈሬን ሲነካኝ… ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጥሩነቱ መነጽሩ ጥቁር ነው። እያላመጥኩ እቀናለሁ፣ እየቀናሁ አላምጣለሁ። ገና ሳልውጥ ደገመችኝ። ለማያውቁት ሰው አንዷ ምን አነሳትና ነው ሁለተኛዋ?

ስንመለስ አውቶቡሱ አራት ኪሎ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። እሷ ጓደኞቿን ስትሰናበት እኔ በታክሲ ፒያሳ ደርሼ፣ የጭቃውን ልብስና ጫማ ሱቅ ወርውሬ፣ ተለቃልቄ ቤቴ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እያነከስኩ መሆኔን እንዳታይ ከወንበሬ ላለመነሣት ወስኛለሁ።

መጣች፤ ጉንጯ እንደቀላ። «እንዴት ዋልሽ?» አልኳት፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። አየሩ ግሩም ነበር አለች። ጉሬዛ አየን አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ራሷ ጀመረች፤ አንድ ምስኪን ሰውዬ መጥቶ ወንዝ ውስጥ ወድቆ አንጀቷን በላት፤ መጨረሻ ስለደረሰ አጎረሰችው። «የማታውቂውን ወንድ?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነብኝ። «ምን ላድርግ፣ ጉርሻ ካየ የቆየ ይመስላል። ሚስት እንዳለውም እንጃ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እራት ይዛ ወጣች። ሁለት ሳህን። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም፤ ኩራቴንም፣ ምስጢሬንም፣ የሚያነክስ እግሬንም ረስቼ ብድግ አልኩ። ለመንገደኛው ጉርሻ፣ ያውም ሁለቴ፣ ያውም በሞቴ ተብሎ፤ ለእኔ ለባልሽ ለብቻ ሳህን! ይኼ ፍርድ ነው? እኔንስ መቼ ነው በሞቴ የምትዪኝ? አልኳት። «ሁለቴ» ማለቴን ራሴው ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ለካ እሷ ሁለት ጊዜ ነው አላለችኝም።

ጽጌ ምንም አልደነገጠችም። ወንበሯን ከእኔ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አደረገች፣ ሳህኔን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ «አንተማ ዛሬ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መሐል ነው የዋልከው፤ አሥራ አራት ቀን ትጠብቃለህ» አለችኝ።