ጃርት የጻፈችው ቅጠል

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝና ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ። ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ፊደል በቆጠረበት ዘመን፣ ንጉሡ አንበሳ በጫካው ውስጥ አዋጅ አስነገረ። «ስለ ዱራችን የተጻፈው ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ይሰብሰብ፤ ክረምት ከዋሻ መውጣት ላቃተው ይነበብለት።» ጽሑፉን እንዲመርጡም ጉጉትን፣ ዝንጀሮንና ከርከሮን ዳኛ አድርጎ ሾመ።

ጃርትም ከጀርባዋ እሾህ ነቅላ በኮባ ቅጠል ላይ ጻፈች። ጎርፍ ጉድጓዷን ወስዶባት ነበር። ብቻዋን ወንዙን ተከትላ እንዴት እንደተሰደደች፣ በመንገድ ያየቻቸውን ወፎች፣ ድንች ልትሰርቅ ገብታ ገበሬ እንዴት እንዳባረራት፣ እናቷም እንዴት እንደናፈቀቻት ሁሉንም ጻፈችው።

ዳኞቹ ቅጠሉን ከላይ ከላይ አየት እንዳደረጉ ተጣሉ።

«የዱር ጽሑፍ ማለት የወፉን ስም ከነላባው የሚናገር ነው። እናት እዚህ ምን ትሠራለች?» አለች ጉጉት።

«የለም፣ እመት ጉጉት። የዱር ጽሑፍስ ብቻውን ተቀምጦ የተከዘ ልብ ነው እንጂ» አለ ቀኑን ሙሉ ገደል አፋፍ ላይ የሚውለው ዝንጀሮ።

«ድንች የሌለበት ዱር ደግሞ ምን ዱር ነው?» አለ ከርከሮ።

ሲከራከሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ቅጠሉን ለሦስት ቀደው፣ ወፉን ለጉጉት፣ ትካዜውን ለዝንጀሮ፣ ድንቹን ለከርከሮ ሊያደርጉ ተስማሙ።

ጃርት ይህን ስትሰማ እሾኋን አቁማ ንጉሡ ፊት ቀረበች። «ጃንሆይ፣ የተራብኩትም፣ የናፈቅኩትም፣ ወፉን ያየሁትም በአንድ ቀን ነው። በየት በኩል ይቀደዳል?» አለች።

አንበሳ ወደ ዳኞቹ ዞረ። «ለመሆኑ እስከ መጨረሻው ያነበበው ማነው?»

ዳኞቹ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ።

«እንግዲያው አንቺው አንብቢልን፣ ልጄ» አላት።

አነበበች። ገበሬው ሲያባርራት ጫካው በሳቅ ተናጋ፤ ስለ እናቷ ናፍቆት የጻፈችው ጋ ስትደርስ ጅብ እንኳ አፍንጫውን ጠረገ። አንብባ ስትጨርስ አውሬው ሁሉ ያን ወንዝ ለማየት ተነስቶ ሄደ።

ጽሑፉ ሳይቀደድ መጽሐፉ ውስጥ ገባ። ዳኞቹም እንዳያኮርፉ መቅድም እንዲጽፉ ተፈቀደላቸው። እነሱም «የዱር ጽሑፍ ምንድን ነው?» ብለው ጀምረው ከመጽሐፉ የሚወፍር መቅድም ጻፉ። እዚያም ውስጥ አልተስማሙም።

ጃርት መቅድሙን አገላብጣ አየችና፣ «ለልጅ ስም አውጪው ሺህ፣ አጥቢዋ እናት አንዲት» ብላ ወደ አዲሱ ጉድጓዷ ገባች።