ጋሽ ሁለት ሰከንድ

ትምህርት ቤት የተባለ ሁሉ፣ ሲሮጥ ታይቶ የማይታወቅ አንድ የስፖርት መምህር አለው። የእኛው ክቡር መምህር ከቁርጭምጭሚት እስከ አገጫቸው በሰማያዊ ቱታ ተጠቅልለው፣ ቦርጫቸውን አስቀድመው ሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ፊሽካ ባፋቸው፣ የሩጫ ሰዓት በመዳፋቸው። ያቺን ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ራሱ ቢለምን አይሰጡትም።

እኔ የክፍሉ ወፍራም ነበርኩ። ስፖርት ባለ ቀን ሆዴን ይቆርጠኛል። አልታመምክም ካሉኝ የእናቴን የእጅ ጽሑፍ አስመስዬ የፈቃድ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ተቀበሉኝ። በሳምንቱ ሁለተኛውን ሳመጣ አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እናትህን ጽሑፋቸው አምሯል በልልኝ። አሁን ሩጥ!» አሉኝ።

ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ሌሎቹ ጨርሰው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ልብስ ቀይረው ሲያበቁ እኔ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ። አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ ደረስኩ። እሳቸው ሰዓታቸው ላይ አፈጠጡና «ካለፈው ሳምንት በሁለት ሰከንድ አሻሽለሃል!» ብለው ጮኹ።

ያለፈው ሳምንት እኮ አልሮጥኩም ነበር። ማን ልብ ብሎ! እቤት ድረስ እየበረርኩ ለእናቴ ነገርኳት።

በሚቀጥለውም ሳምንት ሁለት ሰከንድ። ከዚያም ሁለት ሰከንድ። አንድ የለ፣ ሦስት የለ። ስሙን ያወጣንላቸውም ለዚሁ ነው። ደብዳቤ መጻፌን ተውኩ።

አንድ ቀን ሰዓቷን ወንበሩ ላይ ረስተዋት አነሳኋት። ብጫናት ዝም። ብገለብጣት የባትሪዋ ቦታ ባዶ፣ ውስጧ ዝጓል። ለነገሩ ያሻሻልኩት ሁሉ ቢደመር ሳልነሳ መድረስ ነበረብኝ! ተናደድኩ፤ አለቀስኩም። በሳምንቱ ግን ፊሽካው ሲነፋ እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሳ። ለካ ሩጫ ወድጄ ኖሯል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር ልጃቸው ደወለችልኝ። «አባዬ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሞቹ አሁን ካልተራመደ አልጋ ላይ መቅረቱ ነው ይላሉ። እሱ ደግሞ አልነሳም ብሏል። እባክህ ናና አንድ ነገር በለው።»

ሄድኩ። ቱታው አለ፣ ቦርጩ የለም። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ ወይ ፍንክች።

«ቲቸር፣ ከእናትዎ ደብዳቤ ካላመጡ መነሳት ግዴታ ነው!» አልኩ በመጨረሻ።

ሳያስቡት ሳቁ። በዚያው ሳቅ ደግፌ አነሳኋቸው። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው። ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ።

«ካለፈው ሳምንት በሁለት ሰከንድ አሻሽለዋል!»

«ያለፈው ሳምንት እኮ አልተነሳሁም። ደግሞ ሰዓትህ የታለ?»

«የእርስዎስ መቼ ባትሪ ነበራት?»

ቀና ብለው «ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ።»

«እያወቅክ ነው ስትሮጥ የከረምከው?»

«እያወቅኩ ነው።»

እኚህን ውሸታም ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን በሩን አሻግረው እያዩ ነበር።

«በስንት አልከኝ?»

«በሁለት ሰከንድ፣ ቲቸር።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በል ያዘኝ፤ አንድ ዙር እንድገም።»