የሊቀ ብሎን ሚዛን

የሠራውን ነገር «አለቀ» ብሎ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሰው ጎረቤቴ ነው። ጋራዥ አለው፤ መፍቻ ከእጁ ሲለይ አይቼ ስለማላውቅ «ክቡር ሊቀ ብሎን» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ። ሠርተው ኮፈኑን ይዘጋሉ፣ ራቅ ብለው ያዩታል፣ ከዚያ «ትንሽ ይቀረዋል» ብለው መልሰው ይከፍቱታል።

ክቡርነታቸው በዚህ ዓለም አንድ ተቀናቃኝ አላቸው፤ የእህታቸው ባል። እሱም ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ አለው። በየዓመቱ ሁለቱም በገዛ እጃቸው የሠሯትን መኪና ይዘው፣ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ በሚነዳበት ውድድር ይገናኛሉ። ብዙ ዙር የሄደ ያሸንፋል። የሊቀ ብሎን መኪና ግን አንድም ዓመት ጨርሳ አታውቅም፤ ወይ ሞተሯ ይግላል፣ ወይ ፍሬኗ ያልቃል። አማችየው ታዲያ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «የእሱ መኪና እስክታልቅ የእኔ ልጆች ይዳራሉ» ይላል። ሊቀ ብሎን አብረው ይስቃሉ፤ ምግቡ ግን አይወርድላቸውም።

ዘንድሮ ያገኙት መላ የመኪናዋን ክብደት መቀነስ ሆነ። መኪና ሲቀል ሞተሩም ፍሬኑም አይደክምም ብለው፣ ከእህል መጋዘን የጆንያ ሚዛን ተውሰው የፈቱትን ሁሉ ይመዝኑ ጀመር። የኋላ ወንበር ወጣ። ሬዲዮው ወጣ። የበር እጀታ ሳይቀር ወጣ። ባለቤታቸው መጥተው «አንተ ሰውዬ፣ መሪውን እንኳ ተውላት» አሉ። ከመኪናዋ የሚወጣ ሲጠፋ የሊቀ ብሎን ዓይን ተቀያሪ ሹፌሩ ላይ አረፈ። በውድድሩ ቀን ሲደክማቸው መሪውን የምቀበላቸው ተቀያሪ ሹፌር እኔ ነኝ።

«ሆድህ መሪውን ይነካል» አሉኝ።

«ዕቃ ነኝ እንዴ?»

«ዕቃማ ብትሆን ፈትቼህ ነበር።»

በየጠዋቱ ሚዛኑ ላይ ያቆሙኝ ጀመር። ወሬው እቤት ሲደርስ ሚስቴም ከእሳቸው ጋር ወገነች፤ እራቴ ሾርባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ስንቴ ልተወው አስቤ ነበር። ግን አንዲት ተራ ብሎን በጨርቅ ሲወለውሉ ሳያቸው አንጀቴ አልችል ይላል።

የውድድሩን የመጨረሻ ተራ የነዳሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዙር እኩል ነን፤ የአማችየው መኪና ግን ፊት ፊቴ ትሄዳለች፤ የፍሬኗ ሽታ እኔ ድረስ ይመጣል። ከባድ ስለሆነች በየኩርባው ቀድማ ፍሬን ትይዛለች፤ የእኛዋ ቀላል ናትና ዘግይታ ትይዛለች። የመጨረሻው ኩርባ ላይ አለፍኳት። መኪናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረሰች፤ ያውም ቀድማ።

አማችየው መጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባና ባዶ ውስጧን አየ። «እስቲ ንገረኝ፣ ምኗን አውጥተህ ነው እንዲህ ያቀለልካት?»

ሊቀ ብሎን ወደ እኔ ጠቆሙ። «የዚህን እራት።»

እዚህ ላይ ማዕረጉን ልተወው። ጎረቤቴ የጋለው ኮፈን ላይ እጁን አሳርፎ እንባው እንዳይታይ ፊቱን ከእኛ አዞረ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«አሁንስ አለቀ?» አልኩት።

ዓይኑን ጠረገና መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ ሆዴን አየ። «ትንሽ ይቀረዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።