መኪና ያስነሳ ለቅሶ

ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚረሳው እግር እንዳለው ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላውም ሰው እግር እንዳለው ይረሳል። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ ለእኔ መኪና ቢሰጡኝ የዶሮ ማሳደሪያ ነው የማደርጋት። የምለው እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ ተሠራልን ብለን እልል ባልንበት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ በእግሬ መሄድ ስላቃተኝ ነው።

መንገዱ የተሠራው ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ነበር። ድንጋዩ ልቅም ብሎ ተነጥፎ፣ ጠርዙ ቀለም ተቀብቶ... እንደ ሙሽራ ቤት ምንጣፍ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አውልቄ ልረግጠው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን። ስንመለስ መንገዱ እንዳለ አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ እኛ ወደ ቤታችን ስንመለስ መኪኖቹ ወደ እኛ መንገድ ተመለሱ። አንዱ አፍንጫውን ግንብ ላይ አስደግፎ፣ አንዱ በጎኑ ተንጋሎ፣ ባጃጁ በመካከል ተሸጉጦ፣ ገበያ ቀን የታሰረ ከብት መስለው ይቆማሉ። እግረኛው ታዲያ ወዴት ይሂድ? ወደ አስፋልት ነዋ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚበር የጭነት መኪና አለ፤ እሱ ለአሮጊት ብሎ ፍሬን የሚይዝ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ዛሬ አርዲቦ እህቴ ዘንድ፣ ነገ ገበያ፣ ከነገ ወዲያ የታመመ ጥየቃ። ክርስቲያን ጓደኞቼ ግሸን ሲወጡ እስከ አውቶቡሱ ልሸኛቸው ብዬ ሄጄ፣ አብሬ ተሳፍሬ የተገኘሁበት ጊዜ አለ። ልጄ ሰዓዳ «እማ፣ እግርሽ ላይ ምን አለብሽ?» ትለኛለች። ምን ይኑርብኝ፣ መንገድ ነዋ።

ታዲያ ባለፈው አንዱ መኪናውን ዘርግቶ አስፋልት ቢያስወርደኝ፣ ከኋላዬ የመጣው ጭነት መኪና ጡሩንባውን ጆሮዬ ውስጥ ነፋው። ያለ ዕድሜዬ ዘልዬ ዳር ወጣሁ። አንድ ጫማዬ ግን መሐል መንገድ ቀረ፤ ጎማ ሲያልፍበት ቂጣ ሆኖ አየሁት። ቤት በአንድ ጫማ ገባሁ። ሰዓዳ ባዶ እግሬን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ከዛሬ ወዲያ አስፋልት ላይ ወርደሽ ከሰማሁ፣ ወላሂ ከዚህ በር ብቻሽን አትወጪም።»

«ማን ሊነግርሽ?»

«ከተማው።»

እውነቷን ነው። ስልክ ከተመለሰ ወዲህ በየሱቁ በር የተቀመጠው ሁሉ የሰዓዳ ዘበኛ ሆኗል። «እናትሽ አሁን በኛ በር አለፈች፣ ደህና ነች፣ ሙዝ እየበላች ነው» ይላታል። ልጄ ደግሞ ወላሂ ብላ ቃሏን ያጠፈችበት ቀን የለም። እንግዲህ አስቡት፤ አንዴ አስፋልት ብረግጥ አርዲቦም ቀረ፣ ገበያም ቀረ፣ ለበዓል እንደሚቀለብ ሙክት ግቢ ውስጥ መዋል ነው። ለእኔ ከዚያ ጭነት መኪናው ይሻለኛል... ይቅር በለኝ።

በዚህ መሐላ ሥር ሆኜ ነው አንድ ረፋድ ላይ ለአራስ ጥየቃ የወጣሁት። የጎረቤታችን ልጅ ወልዳ፣ ቅቤ በጣሳ ይዤላት፣ ዳር ዳሩን ስታከክ ግማሹን መንገድ በሰላም ሄድኩ። ከአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ስደርስ ግን አንዲት ነጭ መኪና የእግረኛ መንገዱን ከግንቡ እስከ ጠርዙ ሞልታ ቆማለች። ቆማለች ከማለት ተኝታለች ማለት ይቀላል። በግንቡ በኩል ልሹለክ ብል ድመት የማታልፍበት ነው፤ ሻርፔ ስፖኪዮው ላይ ተጠልፎ በስንት መከራ አስለቀቅሁት። በአስፋልቱ በኩል ልዙር ብዬ አንድ እግሬን ከጠርዙ ላይ ሳንጠለጥል፣ ማዶ ያለው ባለሱቅ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት። እግሬን ቶሎ መለስኩ።

ባለቤቱ ቢሰማ ብዬ ጎማዋን በጫማዬ ጫፍ ነካ ባደርገው መኪናዋ ጮኸች። ዋይ... ዋይ... ዋይ... እናቷ እንደሞተች ልጅ። ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ፤ የመጣላት ሰው የለም። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እሷም ዝም አለች። ፀሐዩ ከሯል፣ ጉልበቴም ዝሏል። ባለቤቷ እስኪመጣ ብዬ በተዘጋው በር ሥር፣ በመኪናዋ ጥላ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሻርፔን ለፀሐዩ ብዬ ፊቴ ድረስ ሳብኩት፣ ጉንጬን በእጄ ደገፍኩት፣ ያንን ባለመኪና በሆዴ እርግማን እያወረድኩበት ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። እስቲ እንደዚያ ሆኜ እዩኝ።

ታንጉት አየችኝ። ታንጉት የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ግሸን የምሸኛት እሷን ነው። ከወዲያ ስትመጣ ፊቷ ብሩህ ነበር፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ጠቆረ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ፋጤ፣ እግዜር ያጽናን» አለች ቀስ ብላ።

ምነው፣ ታንጉት ሰው ሞቶባታል አልኩ በሆዴ። እኔ ሳልሰማ። አሁን ማን ሞተብሽ ብዬ ብጠይቃት ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ?

«አላህ ሶብሩን ይስጠን» አልኳት። እንባዋ መጣ። የኔም መጣ።

ይህ እንዴት ይሆናል እንዳትሉኝ፤ ያንን ሰሞን ታውቁታላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ መርዶ ዛሬ በዚህ በር፣ ነገ በዚያ በር ነበር። ደጅ ላይ መኪና ቆሞ፣ አሮጊቶች መሬት ተቀምጠው ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም። እንደዚያ የሚጠይቅ እንግዳ ነው። የአገሩ ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ስሙን ኋላ ይሰማል። ግቢው ደግሞ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣ ተከራይ የሚኖርበት ነው፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ የሚያውቅ የለም።

እናም ሰው ይመጣ ጀመር። ሴቱ በእኛ በኩል፣ ወንዱ በመኪናዋ ማዶ። በሩ መዘጋቱን ያየ አንዱ «ሬሳውን ሊያመጡ ሄደው ይሆናል» አለ። አጠገቡ ያለው «ከደሴ ነው የሚመጣው» ብሎ አቀበለ። ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሬሳው ቦሩ ሜዳን አልፏል። ያን ጊዜ አፈርኩ። ለካ የለቅሶ ቤት ደጅ ተቀምጬ ነው የሐዘንተኛ መኪና የምረግመው። አስተግፊሩላህ ብዬ እርግማኔን አንድ በአንድ መለስኩ፤ ጎማው ይፈንዳ ያልኩትን አይፈንዳ፣ ቁልፉ ይጥፋ ያልኩትን አይጥፋ፣ ስልኩ ሽንት ቤት ይግባበት ያልኩትንም በግድ መለስኩት።

በኋላ ጋሽ ይማም መጡ። ጋሽ ይማም የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ላይ ይቀባበርበታል። ታንጉትን ወደ ጥግ ጠርተው ያንሾካሾኩትን ኋላ ነው የነገረችኝ።

«እስላም ነው ክርስቲያን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ፋጤን ይጠይቋት።»

«እሷማ ተሰብራለች፣ አታያትም? ምን ብዬ ልጠይቃት። እስላም ከሆነ ግን ዛሬውኑ ነው፤ ቆፋሪ መላክ አለብኝ።»

«እንግዲያ ይላኩ። ክርስቲያን ከሆነም ጉድጓዱ አይጠላም።»

ጋሽ ይማም ይህን አልወደዱትም፤ ቆፋሪ ግን ላኩ፣ ድንኳኑንም አስመጡ። ተካዮቹ እንጨቱን ተሸክመው ሲደርሱ ቦታው ላይ መኪናዋ አለች።

«ይቺ የማናት?» አሉ ጋሽ ይማም።

ከወንዶቹ መሐል አንድ ወጣት ዓይኑ ቀልቶ ተነሳ። እንድሪስ ይባላል፤ ከሳውዲ የተመለሰ ነው። ማዶ ጁስ ቤት ተቀምጦ ሰው ሲሰበሰብ አይቶ፣ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ለቅሶ ደርሶ ነበር።

«የኔ ናት ጋሽ ይማም። አውፍ በሉኝ፣ አሁን አነሳታለሁ። ለጀናዛውም መኪና ከቸገረ የኋላውን ወንበር ነቅዬ እሄዳለሁ።»

ሮጦ አነሳት። እኔን ያን ያህል ያቆመችኝ መኪና እንደ ላባ ተነሳች። የሐዘንተኛ አለመሆኗን ሳውቅ የመለስኩትን እርግማን እንደገና ላወርድበት አሰብኩ። ግን ልጁ ለማያውቀው ሰው ከልቡ ሲያለቅስ አየሁት። ተውኩት፤ የሽንት ቤቱን ብቻ ለጊዜው አቆየሁት።

ድንኳኑ ገና በግማሹ ሳለ ከገበያው በኩል ጩኸት መጣ። ድምፁን አወቅሁት። ሰዓዳ ናት፤ ሰርግ ላይ አምባሰልን ስታወርድ ሰው የሚፈዝበት ድምፅ ነው። ክው አልኩ። ልጄ እንዲህ ካለቀሰች የሞተው የኛ ሰው ነው... አርዲቦ ያለችው እህቴ ትሆን? እኔም ለቀቅሁት። እኔን አይታ ታንጉት ለቀቀችው። ጋሽ ይማም «ጩኸት ሐራም ነው፣ ተዉ» ይላሉ፤ ራሳቸው በፎጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሰዓዳ ከሰዉ ዳር መሬት ላይ ወደቀች። እኔን ሴቶቹ ጋርደውኛል።

«እናቴን... እንደ እስረኛ በር የዘጋሁባት እናቴን... ምነው በሄደችበት በተውኳት። ጋሽ ይማም ስሙኝ፣ ሰው ሁሉ ስሙኝ፤ ወላሂ አንድ ጊዜ ብትመለሺልኝ፣ የትም ዙሪ፣ የትም አምሺ፣ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

ውይ፣ እናቷ ሞታባት ነው፣ ምስኪን፣ አልኩ። ከልቤ አዘንኩላት። ሻርፔን ወደ ዓይኔ ካደረስኩ በኋላ ነው እናቷ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ።

«ሰዓዳ» አልኩ።

«አቤት እማ» አለች፣ ለቅሶውን ሳታቋርጥ።

ከዚያ አቋረጠችው።

ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። አቀፈችኝ፣ አንገቴን አሸተተችኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሬን አየች። ሁለቱም ጫማዬ አለ። ለካ ማዶ ያለው ባለሱቅ ደውሎላት ነው። «እናትሽ መሬት ላይ ነች፣ ከመኪና ሥር፣ ሰው ተሰብስቦ ያለቅሳል» ነው ያላት። የሰውዬውን ሐቀኝነት እዩልኝ፤ አንዲት ውሸት የለበትም።

ጋሽ ይማም ዙሪያቸውን አዩ።

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«እኔ እርስዎን አይቼ ነው የተቀመጥኩት» አለ አንዱ።

«እኔ ታንጉትን አይቼ» አሉ ጋሽ ይማም።

«እኔ ፋጤን አይቼ» አለች ታንጉት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔማ መኪናዋ መንገድ ዘግታብኝ ነው» አልኩ። «አስፋልት አትውረጂ ተብያለሁ፤ ባለቤቷ እስኪመጣ ልረፍ ብዬ።»

እንድሪስ ቁልፉን እጁ ውስጥ ደበቀው። ከዚያ ታንጉት እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቋ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ፣ ድንኳን ተካዮቹ እንጨቱን ጥለው ሆዳቸውን ያዙ። በዚያ ሰሞን ለቅሶ ደርሶ የሞተ ሰው ማጣት እንዴት ያለ ነገር እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር። አንዳንዱማ እየሳቀ ያለቅስ ነበር፤ የራሱ ሰው ትዝ ብሎት ይሆናል።

ጋሽ ይማም ብቻ አልሳቁም። ወደ እንድሪስ ዞሩ።

«አንተ፣ ይቺ ሴትዮ በቁሟ መጥታ መኪናህን አንሳልኝ ብትልህ ታነሳት ነበር?»

እንድሪስ ማጅራቱን አከከ። «እንግዲህ... ለአንድ ደቂቃ ብዬ ነበር ያቆምኳት።»

«ያንተ ደቂቃ ቆፋሪ አስልኮኛል። ሂድ፣ ሰዎቹን ተመለሱ በላቸው።»

እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣ። «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎን ላድርስዎት።»

«አዎ፣ በመኪና ሂጂ» አለች ሰዓዳ፣ ክንዴን ይዛ።

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

«እማ፣ ነግሬሻለሁ...»

«ቅድም ያልሽውንስ? የትም ዙሪ፣ የትም አምሺ ያልሽውን።»

«እሱማ የሞትሽ መስሎኝ ነዋ።»

«ወላሂ ብለሻል። ደግሞ አስፋልትም አልረገጥኩ።»

ወደ ጋሽ ይማም አየን። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ዳኛ ናቸውና ፊታቸው አልተፈታም።

«ብትመለሺልኝ አልሽ፣ ተመለሰችልሽ» አሏት። «እኛም ሰምተናል። ልቀቂያት።»

ሰዓዳ ክንዴን ለቀቀች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አላወቅሁም፤ ብቻ ሻርፔን አስተካክላልኝ የቅቤውን ጣሳ አነሳችልኝ። ቅቤው ቀልጦ ዘይት ሆኗል። ልሂድ ብዬ ብነሳ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን በግማሽ የተተከለው ድንኳን ዘግቶታል።

«እንግዲህ ይሄንንም አንሱልኝ» አልኳቸው።

አራሷ ቤት ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። «ምነው ዘገየሽ?» አለችኝ።

«ለቅሶ ደርሼ ነው።»

«ውይ፣ የማን?»

«የኔ» አልኳትና ሕፃኑን ተቀበልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ቃሏን አላጠፈችም፤ እኔም መንገድ የዘጋ መኪና ሲገጥመኝ ጎማ አልነካም፣ ማንንም አልረግምም። ሻርፔን እስከ ፊቴ ስቤ፣ ጉንጬን ይዤ፣ ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ ነው። ባለቤቱ ከየት እንደሚበቅል አላውቅም፤ ገና ሁለተኛዋ አሮጊት ሳትቀመጥ ቁልፉን እያንቃጨለ ይደርሳል። እናንተም በየከተማችሁ ሞክሩት። ብቻ ከመቀመጣችሁ በፊት ለልጃችሁ ደውሉላት።