ከአልጋ ላይ የሚገበዩ

ቀድሜ ቆሜ ኋላ ቀረሁ፤ በደሌ ይኸው ነው፣ ይመዝገብልኝ። ሶዶ ውስጥ ከአልጋቸው ሳይነሱ በኢንተርኔት አስቤዛ የሚያዙ ሰዎች መጥተዋል። ይመቻቸው! ግን እናንተ ፍረዱ፣ ቅቤ ሳይሸተት ይገዛል? በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ዋዜማ ሱቅ ሄጄ ከቤሌ የመጣውን ቅቤ አሽትቼ፣ ቀምሼ፣ ባለሱቁን «ይኸን መዝንልኝ» አልኩት።

«እማማ፣ የቀረው በስልክ ለሚያዙ ደንበኞች የተያዘ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ፊትህ ቆሜ! የታሉ እነሱ?»

«ቤታቸው።»

ጊፋታ ያለ ቅቤ ምን ጊፋታ ነው? እግሬ ዝሏል፤ ልጆቼ ደግሞ ከየአገሩ መጥተው ይጠብቁኛል። ከኋላዬ የቆመችውን መምህርት «በስልክሽ እዘዢልኝ» ብዬ ለመንኳት። አዘዘችልኝ። የባለሱቁ ስልክ ጮኸ። እዚያው ፊቴ ቆሞ አነበበና መልስ ጻፈ። መምህርቷ መልሱን አነበበችልኝ፦

«ትዕዛዝዎ ደርሶናል፤ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ።»