ምክር በፈቃድ፣ ልጅ በማር

እኔ አንዴ የሰማሁትን ነገር አልረሳም። የዛሬ አርባ ዓመት በርበሬ ተራ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ በምን እንደተኳረፈ፣ ማን ቀድሞ እንደተሳደበ አንድ በአንድ ልነግርሽ እችላለሁ። የተኳረፉት ሰዎች ራሳቸው ረስተውት ሰላም ሲባባሉ እኔ ነኝ የማስታውሳቸው። ስለዚህ አሁን በስልክ የማወራሽን ነገር እማማ አጋነነችው ብለሽ እንዳትጠረጥሪኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ረቡዕም ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ ምን ያደርግልሻል?

መርካቶ ውስጥ በነጻ የምታገኚው ነገር ምክር ብቻ ነው። ውሃው በገንዘብ ነው፣ ሽንት ቤቱ በገንዘብ ነው፣ ጥላ ስር ቆም ብትዪ እንኳን ባለሱቁ አንድ ነገር እስክትገዢ ያፈጥብሻል። ምክር ግን እንደ ልብ ነው። ሽንኩርት ልትገዢ ስትሄጂ ተሸካሚው “እህቴ፣ ሳምንት ይረክሳል” ይልሻል፤ ጎጃም በረንዳ ጤፍ ስትጠይቂ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ላቡን እየጠረገ “አሁኑኑ ያዢ፣ ሊወደድ ነው” ይልሻል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። መርካቶ ውስጥ አላውቅም ያለ ሰው ምን አሞት ነው ተብሎ ይጠየቃል።

እኔም ሱቁን ለልጄ ለእናትሽ ካስረከብኩ ወዲህ በሩ ላይ በርጩማዬን አስቀምጬ በርበሬ እየቀነጠስኩ እመክራለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? “እትዬ ዘርፌ፣ በርበሬ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?” ይሉኛል። ሰማዩን አያለሁ፣ የጠያቂውን ፊት አያለሁ፣ መስማት የሚፈልገውን እነግረዋለሁ። ከተሳካለት የነገርኩት እኔ ነኝ። ካልተሳካለት በደንብ አልሰማኝም።

ታዲያ ያን ረቡዕ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከአንድ ቢሮ ኦፊሰር መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በርበሬ ተራ የሚገባ ሰው ስለ በርበሬ የሚያውቀውን ያህል ገና ከሩቅ ይታይሻል። ሰበሰበንና ደንቡን አነበበ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሸቀጥ ዋጋ ሽጡ፣ ግዙ፣ ያዙ ብሎ የሚመክር ሰው ሁሉ ይመዘገባል። ፈተና ይፈተናል፣ ምስክር ወረቀት ይይዛል፣ ከመምከሩም በፊት “ምክሬ ሊያከስርዎት ይችላል” ብሎ ማስጠንቀቅ አለበት። ያልተመዘገበ ሰው ሲመክር ቢገኝ ይቀጣል።

እጄን አወጣሁ። “ጌታው፣ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራ ተመዝግቧል ወይ?”

ሰው ሳቀ። ኦፊሰሩ አልሳቀም። “ጥያቄዎን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ” አለኝ።

አሁን ማን ቀድሞ ተመዘገበ በዪኝ። ታደለ ደላላው! ከሻጭም ከገዢም የሚቀበል፣ ሁለቱን አጣልቶ ራሱ የሚያስታርቅ፣ ለማስታረቂያውም የሚያስከፍል ሰው ነው። ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ አለፈ፤ ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጦ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። እንግዲህ ሰው ባጠገቡ ሲያልፍ “ምክሬ ሊያከስርህ ይችላል” ይላል፤ ደንብ ነዋ። ሰው ሸሸው? ጭራሽ ጎረፈለት። አንቺ መርካቶ ገብተሽ “ከስሬ ነው የምሰጥሽ” ያላለሽ ነጋዴ ያውቃል? እኛ ኪሳራ የሚል ቃል ስንሰማ ልባችን ይረጋጋል፤ ዋጋው ልክ ነው ማለት ነው። ታደለ ሊያከስርህ ይችላል ባለ ቁጥር ሰው “ወይ ቅንነት” እያለ የመቀነቱን ብር ፈታለት።

ጎረቤታችን ሸምሱ ግን ግራ ገብቶታል። ዘንድሮ ያለውን ጥሪት በሙሉ በርበሬ ገዝቶበት መጋዘን ከቶታል። የመጋዘኑ ጣሪያ ወንፊት ነው፣ ዝናቡ ደጅ ቆሟል። በርበሬው ከሻገተ ሱቁን ይዘጋል፤ በስልሳ ዓመቱ የሰው ተቀጣሪ ሊሆን ነው። ታደለ “ሙሉውን ዛሬውኑ ሽጥ፣ ገዢ አለኝ” ብሎታል። ገዢው የታደለ ሚስት ወንድም መሆኑን በርበሬ ተራ ውስጥ የማያውቅ የለም። የማያውቀው ፈቃድ የሰጠው ቢሮ ብቻ ነው።

ሸምሱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። “እትዬ ዘርፌ፣ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?”

ኦፊሰሩ እዚያው ቁጥጥር ላይ ነው፣ ያየኛል። አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ።

“በአላህ እትዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅዎት ሲመክሩኝ ኖረው ዛሬ ስጠይቅዎት ዝም ይሉኛል?”

አንጀቴን በላው። ወደ ኦፊሰሩ ዞርኩና “ለቤተሰብ መምከርም ክልክል ነው?” አልኩት።

ወረቀቱን ገልጦ አነበበልኝ። “በሥጋ፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ ለተዛመደ ሰው የሚሰጥ ምክር ምዝገባ አያስፈልገውም።”

“የጉዲፈቻው ልጅ ዕድሜ ስንት ድረስ ነው?”

ወደ ላይ ፈለገ፣ ወደ ታች ፈለገ፣ ጀርባውን ገለበጠ። “አልተጠቀሰም” አለ።

“እንግዲያው ማር አምጡልኝ” አልኩ።

እናንተ አታውቁትም፤ ድሮ ሰው ባዳውን የጡት ልጅ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ነው። ከጎረቤት ሱቅ ማር መጣ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ሸምሱ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፤ ዙሪያውን አየና “ቢስሚላህ” ብሎ ጎንበስ አለ።

ያ ጣት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በርበሬ ሲቀነጥስ የቆየ ጣት ነው።

ሸምሱ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አፍንጫው ፈሰሰ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኦፊሰሩም የእናት ፍቅር መስሎት ዓይኑን በነጭ እጅጌው ጠረገ። እልልታው አውቶቡስ ተራ ድረስ ተሰማ። ቢያንስ ጎጃም በረንዳ ድረስ።

ከዚያ ሁሉም ምክሩን ሊሰማ ጠጋ ጠጋ አለ። ታደለ ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። “ልጄ፣” አልኩት፣ “ግማሹን ሽጥ፣ ግማሹን ያዝ። በሸጥከው ጣሪያህን ድፈን።”

ታደለ “ማሩ ለዚህ ነው?” አለ።

ሸምሱ እንዳልኩት አደረገ። ጣሪያውን ደፈነ፣ በርበሬው ደርቆ ከረመ፣ ነሐሴ ላይ ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ሱቁም ተረፈ። ባዳ ቢሆን ያመሰግነኝ ነበር። ሸምሱ ግን አሁን ልጄ ነው። ጠዋት ጠዋት መጥቶ “እናቴ፣ ያንን ግማሽ ባያሸጡኝ ኖሮ” እያለ ይነዘንዘኛል። ለማን አቤት ይበል? በእናት ላይ አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ የለም። ታደለን ሰምተው በርካሽ የሸጡት ግን ቢሮ አላቸው፣ ሄደውም ጮኸው ነበር። “አስጠንቅቋችሁ የለ?” ተብለው ተመለሱ።

አሁን እኔ ፊት ሰልፍ ነው። ከሸምሱ ወዲህ ያጠባኋቸውን ልጆች እናትሽ ስታይ ውርስ እያሰበች ራሷን ያማታል። ይኸው ሦስቱ ከበውኛል፤ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት እያሉ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈዋል። የዘይቱን ነገር፣ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ያልሽኝን፣ እዚህ ልነግርሽ አልችልም፤ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ነገ መርካቶ ውስጥ ዘይት አይገኝም። ዛሬ ማታ ደውዪልኝ። ካልደወልሽ ታደለን ጠይቂ፤ እሱ ፈቃድ አለው።