ቅሪቦው በፌስቡክ ጠላ ሆነ

ድሮ ሸይጣን በጆሮ ነበር የሚያንሾካሹከው። ዘንድሮ ግን ሠልጥኗል፤ ታግ ያደርጋል። በጆሮ ሲመጣብህ ቢያንስ «አዑዙ ቢላህ» ብለህ ታባርረዋለህ። በፌስቡክ ሲመጣብህ ግን አንተ አዑዙ ብለህ ሳትጨርስ፣ አክስትህ ሪያድ ሆና አይታው፣ አልቅሳ፣ ለሦስት ሰው አስተላልፋዋለች። ይህን የምላችሁ ሰምቼ አይደለም... ደርሶብኝ ነው።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው። መንግሥት ሕዝቡን አንድ ለአምስት፣ ፌስቡክ ደግሞ አንድ ለአምስት ሺህ ሲያደራጅ በነበረበት በዚያ በኢሕአዴግ ዘመን። እኔ ያኔ መናኸሪያው አጠገብ ከበሯ የማትሰፋ ሱቅ ነበረችኝ። ሥራዬ በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መንዙማ መጫን ነው። ከወግዲ የመጣ ገበሬ «ግማሹን ዘፈን፣ ግማሹን መንዙማ አርግልኝ» ይለኛል፤ አደርግለታለሁ። ዘፈኑና መንዙማው ጥፍር በምታክል ካርድ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። የሚጣሉት ሰዎቹ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የተጣሉት ሸህ ይማም ነበሩ። ሸህ ይማም ዕድሜ ልካቸውን ቁርኣን ያቀሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የዘይነባ አባት ናቸው። ዘይነባ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነች፤ እሷን ለማየት ስል ሳያመኝ ሦስት ጊዜ ታምሜያለሁ። ሦስተኛው ላይ «አንተን የሚፈውስህ ሽማግሌ ነው» አለችኝ። ሸኹ ስሜን ሲሰሙ ግን «ያ ዘፈን ቸርቻሪው ሰይድ?» ብለው ዝም አሉ። የሸህ ዝምታ ከእንቢታ ይከብዳል። እናቷ ስድስት ወር ሙሉ ስትለምን ከርማ በመጨረሻ «ሽማግሌ ይላክና እንሰማለን» አሉ። ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ።

እኔ ደግሞ እሑድ እስኪደርስ ቤቴ በሬን ዘግቼ መቀመጥ ሲገባኝ ሐሙስ ዕለት ሰርግ ሄድኩ። ባልሄድስ? ሙሽራው ጌታቸው ከእኔ ጋር ጭቃ አቡክቶ ያደገ ጎረቤቴ ነው። አባቱ ጋሽ መኮንን ደግሞ ለእሑዱ ጉዳይ ከተመረጡት ሦስት ሽማግሌዎቼ አንዱ ናቸው። በዚህ ላይ ከሰርጉ የሚቀር ልብ ያለው ካለ እኔ አይደለሁም።

መቼም በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ዳሱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ። በሬው ሁለት፣ አራጁ ሁለት፣ መጠጡም ሁለት። አንድ የሆነው ሙሽራው ብቻ ነው። በክርስቲያኑ ዳስ ጠላ ይቀዳል፣ በእኛ ዳስ ቅሪቦ። ቅሪቦን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ገብስ እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ስኳር ገብቶበት የሚጠጣ፣ ማንንም የማያሰክር የጨዋ መጠጥ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ መልኩ። ቁርጥ ጠላ! አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ መንትዮች በሏቸው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሞልቷል።

እንግዲህ በሙስሊሙ ዳስ ተቀምጬ፣ በልቼ፣ ቅሪቦዬን አንስቼ «ቢስሚላህ» ልል ስል የሙሽራው ወንድም ተስፋዬ ከየት መጣ ሳልለው አንገቴን አቀፈኝ። ተስፋዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሰርጉ የመጣ ነው። እጁን ዘረጋና ስልኩን ወደ ራሳችን አዙሮ ሰልፊ አነሳን። አፌ «ቢስ» ላይ ተከፍቶ ቀረ። ዓይኖቼ ደግሞ የቢስሚላህ ጊዜ ልማዳቸው ነውና ግማሽ ተከድነዋል። ተስፋዬ ይህችን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ታግ አደረገኝ። ከላይዋም «ሰይዶ በመጨረሻ ተፈታ!!!» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለጠፍኩት ፎቶ ከአሥራ አንድ ላይክ በልጦ አያውቅም። ዓርብ ጠዋት ስከፍተው ቁጥሩን ማየት ፈራሁ። አንዱ «አስተግፊሩላህ» ይላል፣ ሌላው «ኢና ሊላሂ» ብሎ ቀብሮኛል። ከሁሉም የጎዳኝ ግን አንድ የአቀስታ ክርስቲያን ወዳጄ ነው። በፍቅር «ለጤናችን!» ብሎ ብርጭቆ አያይዞ ላከልኝ።

«ቅሪቦ ነው» ብዬ መለስኩ። የማላውቀው፣ በፎቶው ቦታ ጽጌረዳ የለጠፈ ሰው «ሁሉም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። ተናደድኩና ዲኔን ለማሳየት ስድስት የካዕባ ፎቶና አራት ሐዲስ በተከታታይ ለጠፍኩ። አክስቴ ከሪያድ ሥሩ ገብታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አልሐምዱሊላህ፣ ስካሩ በረደለት።»

ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ደወለች።

«ሰይዶ፣ ወንድሜ አሊ ከጂዳ ለአባ ደወለላቸው።»

«ምን አላቸው?»

«‹ልጅዎን ለጠላ ጋን ሊድሯት ነው ወይ?› አላቸው።»

«ቅሪቦ ነው እኮ ዘይኑ! ወላሂ ቅሪቦ ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ። አብሽር።»

አብሽር ማለት በእኛ አገር አይዞህ ማለት ነው። ነርስ ስትለው ግን መርፌው ሊገባ ነው ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ስድስት ወር የተለመነች ልጅ በአንድ ብርጭቆ ገብስ ልታመልጠኝ ነው... እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ።

በባህላችን ሽማግሌ ሲላክ ወንድየው አይሄድም። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ሸህ ይማም ግን ቅዳሜ «ሽማግሌዎቹም ይምጡ፣ ስልኩም ይምጣ» ብለው መልእክት ላኩ። ስልክ ብቻውን አይሄድ! ስለዚህ እሑድ ሰርጉንም በለበስኳት፣ በዚያችው ባለችኝ አንድ ኮት ስልኬን ይዤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ኋላ ተከተልኩ። መሪው አጎቴ አባ እንድሪስ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ መኮንን። ሦስተኛው ሀጂ ሙሳ ሲሆኑ ጆሯቸው ስለደከመ ሥራቸው ንግግር ሲቆም «አሚን» ማለት ብቻ ነው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «አላህ ከወደደው ልጅዎን ለልጃችን...» ብለው ሲጀምሩ ሸኹ እጃቸውን አነሱ።

«መጀመሪያ ፎቶው» አሉ።

«አሚን» አሉ ሀጂ ሙሳ።

ያኔ ኔትዎርክ መካነ ሰላም የሚገባው እንደ ወረኢሉ አውቶቡስ ነበር፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲመጣም ሞልቶ ነው። ፎቶዬ ከላይ ወደ ታች በስንጥቅ በስንጥቅ መውረድ ጀመረች። መጀመሪያ የዳሱ ጣሪያ መጣ። አምስት ሰው ትንፋሹን ውጦ የዳስ ጣሪያ አየ። ቀጥሎ ግንባሬ መጣ። ከዚያ ዓይኖቼ... ስልኩ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሱብሃነላህ፣ ዓይኑን እዩት» አሉ ሸኹ። ቀጥሎ አፌ መጣ፣ ክፍት እንዳለ። በመጨረሻ ብርጭቆው ዱብ አለ።

ሸህ ይማም ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና... አሸተቱት። ወላሂ አሸተቱት! እንደገናም አሸተቱ።

«አይሸትም» አሉ።

«ቅሪቦ ስለሆነ ነው» አሉ አጎቴ ፈጠን ብለው። «እዩት፣ አረፋው ስስ ነው። የጠላ አረፋ ወፍራም ነው፣ ብርጭቆው ላይ ይይዛል...»

ሸኹ ቀስ ብለው ወደ አጎቴ ዞሩ።

«እንድሪስ፣ የጠላን አረፋ የት አውቀኸው ነው?»

አጎቴ የሰማንያ ዓመት ሰላታቸው በፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት። አዩልኝ እንግዲህ ፈተናውን፦ ቅሪቦ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ጠላ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጠላ የሚያውቅ ሙስሊም ደግሞ ምስክርነቱ አይጸናም። የማያውቀውም አያውቅም!

ይሄኔ ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስልኩን ወዲህ ይበሉኝ ሸህ ይማም። የዚህ ጉዳይ አሊም እኔ ነኝ።»

ፎቶውን አቅርበው፣ አርቀው፣ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፣ አንገታቸውን ደፉ።

«ከልጁ ኋላ ሙሽሮቹ ይታያሉ» አሉ። «ሙሽሮቹ ወደ እስላሙ ዳስ የገቡት በዘጠኝ ሰዓት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ... በዚያ ሰርግ ጠላ አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም?»

«ስምንት ሰዓት ሲሆን አለቀብኝ! ጋኑ ሁሉ ባዶ ሆነ። የልጄ ሰርግ ላይ ልዋረድ ነው ብዬ፣ በጓሮ በኩል ከእስላሙ ዳስ ቅሪቦ እያስቀዳሁ በጠላ ማንቆርቆሪያ አቀረብኩ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ባለቤቴም አታውቅም።»

«ሰዉስ አላወቀም?» አሉ ሸኹ።

«ምኑን ያውቃል! የባለቤቴ ወንድም በቅሪቦው ሰክሮ ተሸክመን ነው ያስገባነው።»

ሸህ ይማም መጀመሪያ ጺማቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻቸው። ከዚያ መስገጃው ላይ ጋደም ብለው ሳቁ፤ እኚያ ሲስቁ አይቻቸው የማላውቅ ሰው እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ከጓዳ የዘይነባ ሳቅ ሾልኮ መጣ። እኔ ግን ሆዴ ባባ። የድግስ ጠላ ማለቅ በአገራችን ስንት ዓመት የሚወራ ውርደት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሽ መኮንን ክብራቸውን አውጥተው ለእኔ ብርጭቆ ከፈሉልኝ። (ይህን ጽሑፍ ካነበቡት አፉ ይበሉኝ ጋሼ። ባለቤትዎ ካነበቡትማ... አብሽር።)

አበቃ ብዬ ስተነፍስ ሸኹ ስልኩን እንደገና አነሱ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ቅሪቦ ነው፤ እሺ። ግን ይህን ቅሪቦ በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?»

አየሁት። በግራ እጄ! ነቢያችን በግራ አትጠጡ ያሉትን፣ ሕፃን የሚያውቀውን! ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ኮቴን አየሁ።

«ያ ሸህ፣ የኮቴ የደረት ኪስ በየት በኩል ነው?»

«በግራህ።»

«በፎቶውስ?»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን እያዩ ቆዩ። ኪሱ በቀኝ ነበር።

«ይህ ካሜራ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያነሳው። ብርጭቆው በቀኜ ነበር፣ ወላሂ።»

ሸህ ይማም ስልኩን መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት።

«ወይ ጉድ» አሉ። «ይህን ቀኝን ግራ የሚያደርግ ነገር አምኜ ነው ለካ ቅሪቦን ጠላ ያልኩት። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

«አሚን!» አሉ ሀጂ ሙሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው።

ሸኹ የሰርጋችን ዕለት አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፦ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጥ፤ ሁለቱም እጁ ባዶ ሆኖ ይታይ። ሕዝቡም አከበረላቸው። ዛሬ አልበማችንን ብታዩ ሦስት መቶ እንግዳ መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል። ተስፋዬ፣ አላህ ይስጠው፣ ሁሉንም ፌስቡክ ላይ ለጠፋቸው።

በማግስቱ የዘይነባ ወንድም አሊ ከጂዳ ደወለ። አባቱ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ሰይዶ፣ አላህን አትፈራም?» አለኝ። «ያን ሁሉ ሰው ጠርተህ አንድ ብርጭቆ ቅሪቦ እንኳ ታሳጣዋለህ?»